አንድ መደርደሪያ ላይ

ሳህኖቹ ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ልጅቷ ይህን ልብ ያለችው ሥራዋ ከተበላሸ በኋላ ነው።

የላቦራቶሪ ሥራዋ አልኮል የደም ሥርን አበቃቀል ምን እንደሚያደርገው ማጥናት ነበር። የደም ሥር ሴሎችን በትንንሽ ሳህኖች ታሳድጋለች፤ ገሚሱ ላይ አልኮል ትጨምራለች፣ ገሚሱን ንጹሕ ትተወዋለች። ንጹሖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቀጭን ቱቦ መሥራት ነበረባቸው። አልሠሩም። አልኮል እንደነካቸው ሁሉ በየቦታው ተበታትነው ቀሩ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ድካሙ አጥንቷ ድረስ ገባ።

ጠጋኙን የተዋወቀችው ሴሎቹ የሚያድጉበት የሙቀት ሳጥን ተበላሽቶ ሊሠራው ሲመጣ ነው። ስለ ጥናቷ ስትነግረው፣ «እኔን ነዋ የምታጠኚው» ብሎ አሳቃት። ከዚያ ይጠጣ እንደነበረና እንደተወ ሳይደብቅ ነገራት። ስታየው ዐይኑን አልሰበረም።

ያን ምሽት ቤቷ ድረስ ሸኛት። በሩን የከፈተችው እናቷ ገና ሰላም ሳትለው ልጇን ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«ይሸታል። አባትሽም አልጠጣሁም ይለኝ ነበር።»

«እማዬ፣ ሳጥኑን በአልኮል ሲወለውል ነው የዋለው። ልብሱ ነው እንጂ እሱ…»

ቃሏ አፏ ላይ ቀረ። ንጹሖቹም ሳህኖች እንደ ልብሱ ናቸው። አልኮሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ከጎናቸው ካሉት ሳህኖች እየተነነ፣ በተዘጋው ሳጥን አየር ውስጥ ገብቶባቸው ኖሯል። ይህንኑ ለእናቷ አስረዳቻት።

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ከጎንሽ ያለው ይተላለፍብሻል። ሳህንሽ እንኳ አልዳነም።»

ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። አልኮል የሚሸተውን ኮቱን አውልቆ ውጭ የደረጃው ብረት ላይ ሰቀለና ተመለሰ።

«ልክ ነዎት እማማ። ከፈሩ ልሂድ።»

«የምለየው አልኮሉን ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አንተን አይደለም።»

እናትየዋ ትክ ብላ አየችው።

«ና እስቲ። እፍ በልብኝ።»

ጎንበስ ብሎ ተነፈሰ። ለባሏ በየማታው ታደርግ እንደነበረው ዐይኗን ጨፍና አሸተተች።

«ሽንኩርት።»

«ምሳዬ ነው እማማ» አለ እያፈረ። ልጅቷ ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች።

«ነገም እፍ ትላለህ። ተጋብታችሁም ቢሆን አልምርህም።»

ጠጋኙ ልጅቷን አያት።

ውጭ ዝናቡ በረታ። እናትየዋ ሶፋው ላይ እንዲያድር ብርድ ልብስ አወጣችለት። ባሏ በሕይወት ሳለ በሩን ሳትቆልፍ፣ ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ነበር የምታነጋው። ዛሬ የምትጠብቀው ሰው አልነበረም። ወጥታ ኮቱን ከብረቱ ላይ አነሳች፣ አራግፋ አስገባችው፣ ቁልፉንም አዞረች።