ከሸሚዙ ጋር የተሰፋው ቁልፍ

ሟቹ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለው ደረጃ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። መርማሪዋ የሚያማትን ጉልበቷን እየደገፈች አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ኪሱን ልትፈትሽ ኮቱን ስትከፍት አንዱ ቁልፍ ሸሚዙንም ይዞት ተነሣ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ሱቁ ገባች።

«ትናንት ሱሪ ሊያሳጥር ነው የገባው» አለ የሱቁ ልብስ ተኳሽ፣ ካውያውን እያስቀመጠ። «ልብስ ሰፊው ጋሼ ሲያየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዘሎ አቀፈው። ለካ ጦር ሜዳ አንድ ምሽግ ነበሩ። ሃያ ዓመት አልተያዩም። እንደ ሕፃን ተላቀሱ።»

«ከዚያስ?»

«የሞተ ጓደኛቸውን አነሡ። የዚያ የሞተው ጓደኛ እናት እዚሁ ፎቅ ላይ ናቸው፤ የሚጦራቸው ጋሼ ነው፤ ምሳቸውን እንኳ በየቀኑ ራሱ ነው የሚያደርሰው። እንግዳው ‹ላግኛት› ሲል ተጨቃጨቁ። እኔ የሰማሁት ‹አትነግራትም!› የሚለውን ብቻ ነው።»

«አንተም ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይሉኛል።»

ተኳሹ ካውያውን መልሶ አነሣ። «ሱሪውን ባቃጥልበት ሰደበኝ። በሱሪ ሰው ይገደላል?»

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ዛሬ አላየሁትም» አለ።

«ኮቱን ነክተውለት ነበር?»

«ትናንት አንድ ቁልፍ ላልቶበት አጠበቅሁለት። አውልቆ ሰጠኝ፣ ሰፍቼ መለስኩለት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁለቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ፎቅ ላይ ያሉትን አሮጊት እናት አልጠራቻቸውም፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። «እንደ ልጄ የሆነውን ስትጠይቂው እኔ ልቅር?» አሉና ተቀመጡ።

«ሟቹ ዛሬ ቀትር ላይ፣ ሲወርድ ሳይሆን ሲወጣ ነው የወደቀው» ብላ ጀመረች። «የተመታው ማጅራቱን ነው። ከላይ የመጣ ሰው ደረቱን ይዞ ገፋው፤ በግብግቡ ቁልፉ ተበጠሰ። የተበጠሰ ቁልፍ ‹ተናንቀው ነበር› ብሎ እንዳይመሰክር ገዳዩ መልሶ ሰፋው።»

«ሬሳ ላይ?» አለ ተኳሹ።

«ሬሳ ላይ። ስለቸኮለ መርፌው ኮቱን አልፎ ሸሚዙን ያዘ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «አውልቆ ከሰጠዎት ሸሚዙ ከኮቱ ጋር እንዴት ተሰፋ? ቀትር ላይስ ምሳ አድርሶ ከላይ የወረደው ማነው?»

ልብስ ሰፊው እጆቹን ጭኑ ላይ ጣላቸው። «ልገድለው አልነበረም። እንዳይወጣ ብዬ ነው። ገድሏል ብለው ይጻፉ፤ ምክንያቱን ግን ይተዉልኝ። ዝም አይነቅዝም።»

መርማሪዋ ብትተወው በወደደች። ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃል፤ ዳኛው በአደባባይ ያነበዋል።

«ምን እንዳይነግረኝ ነው የፈራኸው?» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ ወዲያው ነው የሞተው ብለኸኛል። ሳያመው።»

«እማማ፣ ወደ ላይ ልውሰድዎት» አለች መርማሪዋ። አልሰሟትም።

«ቆስሎ ከምሽጉ ውጭ ቀረ፣ እማዬ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሦስት ቀን ተጣራ። ተኩሱ አያስወጣም አልን። ሁለታችንም አልሄድንለትም።»

«ማንን ነው የተጣራው?»

«አንቺን።»

አንድ ፖሊስ ካቴና ይዞ በር ላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። አሮጊቷ የልብስ ሰፊውን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል፤ ሊመቱት ይሁን ሊያስቀሩት አይታወቅም።  መርማሪዋ ‹ይልቀቁት› ልትላቸው አልቻለችም።