ሦስት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ኢንቨርተር

ላፕቶፑ ድርግም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ።

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች ሽቦ የሚሏት ልጅ፣ ላፕቶፑን። ስድስተኛው ስላይድ ላይ ደርሳ ነበር። ሴቭ ያደረገችው እስከ አራተኛው ድረስ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ነው። ከሦስት ሰዓቱ መንገድ አንዱ አልቋል፤ የሳይንስ ክበብ ውድድሩ እንደደረሱ ይጀመራል። ላፕቶፑ የክበቡ ነው። ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ካልተሰካ አይሠራም። ለዚህ ነው ሽቦ የአባቷን ኢንቨርተር ተውሳ የመጣችው። የመኪናን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ግማሽ ጡብ የሚያክል ሳጥን ነው። ገመዱ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ይነሳና ከሾፌሩ ጀርባ እሷ እግር ስር ይደርሳል።

አባቷ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። የክፍሏ ልጆች «ሽቦ» ያሏት በሱ ሥራ ምክንያት ነው ይባላል። እሷ ግን ቅጥነቷን አይተው እንደሆነ ታውቃለች። ጠዋት አባቷ ሳጥኑን እጇ ላይ አስቀመጠው እንጂ ቶሎ አልለቀቀውም።

«ላፕቶፑን ብቻ። ያቺ ቀዳዳ ብዙ ጭነት አትችልም። ሞተር ሲጠፋ ትነቅይዋለሽ። ደሞ አየር ይፈልጋል፣ ምንም እንዳትጭኚበት።»

«አባዬ፣ ሦስቴ ነገርከኝ እኮ!»

«አራተኛው ይኸው። ምንም እንዳትጭኚበት።»

አሁን ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሽቦ ከጎኗ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞረች። ሞዴሏ ይሏታል። መድረክ ላይ ወጥታ የምታቀርበው እሷ ናት።

«ምን ሰካሽበት?»

«ምንም።»

«እና ጢጥ ጢጥ የሚለው ማነው?»

«ስልኬ ነው ባክሽ። አታካብጂ።»

የሞዴሏ ጸጉር በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ወርዷል። በቀኝ በኩል ከእንቅልፍ እንደተነሳ ነው። ከጃኬቷ ስር ጥቁር ገመድ ወጥቶ ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል።

«ፒያስትራ! ከላፕቶፑ ጋር የጸጉር ፒያስትራ? አብደሻል?»

«አሥር ደቂቃ ብቻ! በእናትሽ፣ ግማሽ ጸጉሬን ሠርቼ መድረክ ልውጣ?»

«ስላይዱ ካላለቀ ግድግዳ ነው የምታቀርቢው!»

ሽቦ ፒያስትራውን ነቀለችው። ላፕቶፑን እንደገና አስነሳች። እስኪነሳ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። አምስተኛውን ስላይድ እንደ አዲስ ጀመረች። ሳጥኑ ግሎ ስለነበር በውስጡ ያለችው ማራገቢያ እሪ ማለት ጀመረች።

«ኧረ ያንን ነገር ዝም አሰኙት» አሉ የፊዚክስ መምህሩ ከፊት ወንበር፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ራሴን እያመመኝ ነው።»

«ኳሱንም መስማት አልቻልኩም!» አለ ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ እያደረገ።

ሬዲዮኑ ይጮሃል። ማራገቢያዋ ትጮሃለች። ሞዴሏ «ፋራ» እያለች ታጉረመርማለች። ሽቦ ሹራቧን አወለቀችና ሳጥኑ ላይ ወረወረችው። ድምፁ ታፈነ። «ለአምስት ደቂቃ» አለች ለራሷ።

ሰባተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ረስታዋለች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ ሬዲዮኑ ኳሱ ጎል ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። ላፕቶፑም ድርግም።

«ምንድነው ይሄ!» ሾፌሩ ዳር ያዘና ቆመ። መለኮሻው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን መሰኪያ ሊነቅል ሲል እጁን አቃጠለው። በጨርቅ ይዞ ጎትቶ ሲያወጣው ግማሹ ቀልጧል። «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

በዚያች ቅጽበት ሽቦ ሹራቧን ከሳጥኑ ላይ ላፍ አደረገች። የሹራቡ ሆድ ተለብልቧል። በዚያችው ቅጽበት ሞዴሏ ደግሞ፣ መቼ መልሳ እንደሰካችው እንጃ፣ ፒያስትራዋን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

መንገዱ ዳር ሾፌሩ ሳጥኑን አገላብጦ አየው። ላፕቶፑን አየ። ሌላ ምንም የለም።

«ምን አደረጋችሁት?»

«ምንም አልነካነውም ጋሼ» አለች ሞዴሏ። «ዝም ብሎ ራሱ ነው የተቃጠለው።»

«ያባትሽ ነው አይደል?» አለ ሾፌሩ ወደ ሽቦ ዞሮ። «ይህቺን ቀዳዳም ባለፈው ወር የሠራት እሱ ነው። መምህር፣ ሕፃናት ጭኜ እኮ ነው! ሰባቱም የትምህርት ቤቱ መኪኖች እሱ ጋ ነው የሚገቡት። ከዛሬ ወዲያ አንዷ አትገባም፤ አሁኑኑ ለኃላፊው ነው የምደውለው።» ስልኩን አወጣ።

ሞዴሏ ሽቦ ጆሮ ስር መጣች። «ሹራብሽን አይቻለሁ። እኔ አልናገርም፣ አንቺም አትናገሪ። ቲቸር ከሰማ ሁለታችንንም ከውድድሩ ነው የሚያስወጣን።»

ሽቦ አባቷ ይህንኑ መኪና ሲሠራ አጠገቡ ነበረች። ዳሽቦርዱ ስር በጀርባው ተኝቶ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ የጨረሰውን ሽቦ እንደገና ፈታው። ምን ሆነ ስትለው «ምንም። ልቤ አልወደደውም» ነበር ያላት።

ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ቆይ አይደውሉ።» ሽቦ ወደ ሾፌሩ ቀረበች። «ሹራብ ጭኜበት ነበር። አባቴ አራት ጊዜ እንዳትጭኚ ብሎኛል። እኔ ነኝ የጫንኩት።» የተለበለበውን ሹራብ ዘረጋችው።

መምህሩ ሹራቡን አዩ፣ እሷን አዩ። 

ሾፌሩ ግን የቀለጠውን መሰኪያ አገላበጠ። «ላፕቶፕና ሹራብ ብቻ እንዲህ አያቀልጡም። ሌላ የተሰካ ነገር አለ። ከሌለ ጥፋቱ የሠራው ሰውዬ ነው።»

ሽቦ ወደ ሞዴሏ አላየችም። የማን ጸጉር በግራ ቀጥ፣ በቀኝ ጭብርር ያለ እንደሆነ ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል። ግን ሁሉም መሰኪያውን ነበር የሚያዩት።

«አለ» አለች። «የሰካችው ራሷ ትናገር። የራሴን ነገርኩዎት። ሌላው እስኪነገር እኔ መኪናው ውስጥ አልገባም።»

ሄዳ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አንድ የጭነት መኪና አቧራ አልብሷቸው አለፈ። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሾፌሩ ስልኩን ኪሱ ከተተና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ቲቸር…» አለች ሞዴሏ።  ወደ ሽቦ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ አለ። «ቲቸር፣ እሱ ላይ እኔ… ማለቴ…»

ሽቦ አቧራውን ከጉልበቷ አራገፈች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችላትም።