አፍንጫዋ ውስጥ የተቀመጠው

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከላይ እስከ ታች እውነት።

አውቃለሁ... አመሌን የምታውቁ ከወዲሁ ፈገግ ብላችኋል። «ይኼ ቀዳዳ ደሞ ጀመረ» ብላችኋል። አንበሳ በጎማ መንፊያ አባረርኩ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ጎማ ሊያስጠግን መጣ ያልኳችሁም እኔው ነኝ። እነዚያ ቀደዳ ነበሩ።

ይኼኛው ግን... አፈር ስሆን እመኑኝ።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም፤ ውሻም አላላዘነም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች። ክፍሉ ውስጥ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን።

እኛ ብቻ... መስሎኝ ነበር።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ መፍታት እምቢ አለውና ከወረቀት የጦር አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ታሪኳን ያነባል፤ ያረጁ ፎቶዎች ያፈላልጋል፤ የት እንደበረረች፣ የት እንደወደቀች ይጠይቃል። ከዚያ በምላጭ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ያጣብቃል። ክንፏ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን አጥንት እንኳ አይዘልም።

«ማን ያየዋል አባዬ?» እለዋለሁ።

«እኔ አውቀዋለሁ» ይላል።

እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም። ጎሚስታ ነኝ። የኔ ድርሻ ከጎማ ቤቴ የተጣሉ ትናንሽ የብሎን ዳዶዎች ማምጣት ነበር። አባዬ በጫማ ቀለም ክዳን ላይ ያስቀምጣቸውና አውሮፕላኗን ከመዝጋቱ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ይከታቸዋል። ለምን ብትሉ... ወረቀቱ የሚበዛው ከኋላ ነው። ከፊት ክብደት ካልተደረገላት ቂጧ ላይ ዘፍ ትላለች።

ይኼ አንዱ ሕጉ ነበር። ሌላው ሕጉ ደግሞ ሰው አለማስቀመጥ ነው። ወንበር ይሠራል፣ መሪ ይሠራል... ሰው የለም።

«ሰው የሌለባት አውሮፕላን አትወድቅም» ይላል።

ለምን እንደሚለው ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም።

ታላቅ ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ወጡ... አልተመለሱም። አስከሬን የለም። መርዶ የለም። እናቴ አልጋውን ማንጠፍ አልተወችም።

አባዬ ያልሠራው የአውሮፕላን ዓይነት የለም። የሱን ግን አልነካትም ነበር። ዓይኑ ሲፈዝ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ነው «አሁን ካልሠራኋት አልሠራትም» ያለው።

አፈላልጎ አፈላልጎ የአየር ኃይል ጡረተኛ መካኒክ አገኘ። ሽማግሌው ቤታችን ድረስ መጡ። ጣታቸውን ባዶው ጠረጴዛ ላይ እያስኬዱ አስረዱት።

«ሁለት ሞተር ናት። አፍንጫዋ መስታወት። እዚያ አቅጣጫ ነጋሪው ይቀመጣል። መሀል አብራሪዎቹ። ጅራቷ ጋ ተኳሹና ሬዲዮ ሠራተኛው።»

«ስትመታስ?» አለ አባዬ፣ በሹክሹክታ።

«ከኋላዋ ሁለት ጃንጥላ ሲከፈት ያየ አለ። ከፊት ግን...» ሽማግሌው ጣታቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። «ከፊት የወጣ የለም።»

«ልጄ ከኋላ ነበር።»

«ቦታው ከኋላ ነበር፣ ወንድሜ። ልጆች ናቸው እንግዲህ... ከመስታወቱ አገር ለማየት አንዳንዴ ይቀያየሩ ነበር።»

«ከኋላ ነበር» አለ አባዬ።

ሽማግሌው አልተከራከሩም።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ከነበረ ዘሏል። ከዘለለ ደግሞ... የሆነ ቦታ ይኖራል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት የኖረው በዚያች የጅራት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ወንበሯን ሠራት። ጥፍር ታክላለች። ጅራቷ ውስጥ አጣበቃት።

ጠዋት ስናያት... ወንበሯ አፍንጫዋ ውስጥ ናት።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው? እኔ ነኝ?» አለች እናቴ ከበሩ ላይ። «በዚህ ቤት ለቀልድ የተፈጠረ ሌላ ሰው አለ?»

ማልኩ። ማን ሊያምነኝ። ስኳሩ ላይ ጨው የቀላቀልኩባቸው ባለፈው ሳምንት ነው።

በወፍራም የጥራዝ ሙጫ መልሶ አጣበቃት። በማግስቱም አፍንጫዋ ውስጥ ተገኘች። የገረመኝ ሌላ ነው... ሙጫ ሲላቀቅ ወረቀቱን ይልጣል። ይኼ ወረቀት አልተላጠም።

በሦስተኛው አባዬ መርፌ አነሣና ወንበሯን እንደ መጽሐፍ በክር ሰፋት።

ጠዋት ክሩ እንዳለ ነው። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ወንበሯ ግን...

አፍንጫዋ ውስጥ።

አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ወንበሯን በወረንጦ አወጣት፣ ጅራቷ ውስጥ መለሳት፣ ከዚያ ቀና ሳይል አውሮፕላኗን ዙሪያዋን መዝጋት ጀመረ። እጄን እንዳላስገባ ነው። አንዴ ብቻ ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሸሚዝ ማሸጊያ የቆረጠውን ስስ ፕላስቲክ በአፍንጫዋ መስታወት ቦታ ለጠፈው።

ያኔ ነው ያየኋት።

ፕላስቲኩ ላይ ምስር የምታክል ጉም። በጣቴ ጠረግኳት... አልጠፋችም። ከውስጥ ናት።

ትመጣለች... ትሄዳለች።

ትመጣለች... ትሄዳለች።

ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል እኔም ከሷ እኩል እየተነፈስኩ ነው።

«አባዬ... ይኼን አየኸው?»

አልሰማኝም። እጁ አየር ላይ ቀርቷል።

«ዳዶ» አለ። «ዳዶ ከትቻለሁ እንዴ?»

ያን ሁሉ አውሮፕላን ሲሠራ ዳዶ ረስቶ አያውቅም። በችኮላ ዘግቷት ኖሯል።

«እንቅደዳት?» አልኩት።

«እናቁማት መጀመሪያ። ከወደቀች አልከተትኩም ማለት ነው።»

በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አሳረፋትና ለቀቃት።

ዘፍ አለች። ቂጧ ላይ... ልክ እንደሚጠበቀው። አባዬ ምላጩን አነሣ።

እና ጅራቷ ተነሣ።

መስኮቱ ዝግ ነው። ማናችንም አልነካናትም። ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ ተነሣ። አፍንጫዋ ዝቅ አለ። የፊት ጎማዋ ጠረጴዛውን ነካ።

ጠቅ።

ሰው ወንበር ላይ ሲደላደል ታውቁ የለ? እንደዚያ።

አባዬ ምላጩን አስቀመጠ።

«ከፊት...» አለ። ድምፁ አይሰማም። «ከፊት ነበር ለካ...»

ሰው ዓይኔ እያየ ሲያረጅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያን ሁሉ ዘመን የተቀመጠባትን ወንበር ከሥሩ ሲስቡበት አየሁ። ምን ላድርግ? የማውቀው ሙያ አንድ ነው።

«አባዬ... እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ቅድም ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ዳዶዎቹን ከትቻቸዋለሁ። ሁሉንም። ለዚህ ነው የቆመችው። ወንበሯንም ያዘዋወርኩት እኔው ነኝ። ልቀልድ ብዬ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በኩርኩም አናቴን አለኝና «አንተ ርጉም፣ ልትገድለኝ ነበር» አለኝ። አመነኝ። እስከ ዕለተ ሞቱም ልጁ የሆነ ቦታ እንዳለ እያሰበ በሰላም ኖረ።

አውሮፕላኗ አሁን እኔ ጋ ናት፣ ጎማ ቤቴ ውስጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ። እንደቆመች ናት። አንሥቼ ብነቀንቃት ምንም አይንኳኳም። ውስጧ ባዶ ነው። ደንበኞቼ «ማን ሠራት?» ሲሉኝ «እኔ» እላለሁ። እሱንም አያምኑኝም።

አባዬን በቀበርን ማግስት ጠዋት ሱቁን ስከፍት የፊት እግሯ ጎብጦ አገኘሁት። ውስጡ ሽቦ አለው እኮ... ክብደት ተጨምሮበት ነው እንጂ ዝም ብሎ አይጎብጥም።

ቀረብ አልኩ።

መስታወቷ ላይ ጉሙ ሁለት ሆኗል። ጎን ለጎን። አንደኛው ረጋ ያለ ነው። ሌላው ቁርጥ ቁርጥ ይላል... ደረጃ የወጣ ሽማግሌ እንደሚተነፍሰው።

ሰዓቱ እስኪረፍድ ቆሜ አየኋቸው።

እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከላይ እስከ ታች እውነት ነው ብያችሁ ነበር... አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ወንበሯ አይደለችም። ጉሙም አይደለም።

አባዬ አልሳቀም።

ዳዶዎቹን ሁሉንም ከትቻቸዋለሁ ብዬው እንደጨረስኩ ከሙጫው ብልቃጥ ጀርባ ያን የጫማ ቀለም ክዳን አየሁት። ዳዶዎቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አልተነኩም። አባዬም አይቷቸዋል። እኔ ማየቴን ግን አላወቀም።

መዳፉን ቀስ አድርጎ አሳረፈና ክዳኑን ከለለብኝ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለኝ። «ጥሩ ቀልድ ነው።»