ማሃድ የጠገነው ሮቦት

የዐያንሌን አስከሬን ከሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ያወጡት በማለዳ ነው። ማሃድ ተጠርቶ ሆቴሉ በር ላይ እስኪደርስ ድረስ ግን ጅግጅጋ ገዳዩን ለይታ ጨርሳለች። ገዳዩ እሱ ራሱ ማሃድ ነበር። የባጃጁ ሾፌር እንኳ በመስታወቱ እያየ «የሆቴሉን ሮቦት የጠገንከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለው። ማሃድ ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሆቴሉን ናስትሆ ከሟች ባሏ ወርሳዋለች። ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ገንዳውን አቧራ ስለሚያለብሰው፣ ውሃው ሥር እየተሳበ አቧራውን የሚመጥ ሮቦት አላት። ሮቦቱ ሲበላሽ ዐብዲሓኪም የሚባል የቶጎጫሌ ነጋዴ «አዲስ አመጣልሻለሁ፣ ስጦታዬ ነው» አላት። ሰውየው በከንቱ ስጦታ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም፤ ላግባሽ እያለ ደጅ ሲጠናት ከርሟል። እሷ ግን ገንዳውን የሚጠብቀው ዐያንሌ «ይጠገናል» ስላላት ብቻ፣ አሮጌውን ጥገና ለሚሠራው ለማሃድ ላከችው። ናስትሆ ልቧን ለማን እንደሰጠች ከተማው ያወቀው ያኔ ነው።

ማሃድም ገብቶታል፤ ጉዱ ደግሞ እሱም ይወዳት ነበር። ውሃ የገባበትን ሞተር ፈትቶ፣ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ማሸጊያ ቆርጦ፣ የተላጠውን የኤሌክትሪክ ገመድ በቀይ ቴፕ ጠቅልሎ የደከመው ከእሷ አፍ «እጅህ ይባረክ» የምትለዋን ቃል ለመስማት ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ሮቦቱን መለሰ። እጁን የመረቀው ግን ዐያንሌ ሆነ። እሷማ ዐያንሌን እያየች ትስቅ ነበር። ማሃድ ቅናት አንጀቱን እየበላው ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ፣ ይህ ሰው ባልነበረ ብሎ በልቡ ተመኘ። ይቺን ምኞቱን ነው አሁን ተሸክሞ የመጣው።

ኢንስፔክተር ወለተሐና ገንዳው ዳር ቆማ ጠበቀችው። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን ከእጁ ላይ የማታነሣ ሴት ናት። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ሮቦቱ ከነገመዱ በሸራ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ይሄ ነገር ሰው ይገድላል?» አለችው።

«ኧረ አይገድልም። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት ሳጥን ይቀንሰዋል። ወደ ውሃው የሚሄደው የሞተር ሳይክል ባትሪ ያህል ቢሆን ነው።»

«ሳጥኑን ነካክተኸዋል?»

«አልነካሁትም። ብሎኑ እንኳ አልተፈታም።»

«አይቼዋለሁ። ከዐያንሌ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እቀናበት ነበር» አለ ማሃድ።

ወለተሐና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። «እዚሁ ቆይ። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላገኘሁ ይዤ የምሄደው አንተን ነው።»

ቀጥላ ያነጋገረችው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋን ሩቲን ነው። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«መጀመሪያ ምን አየሽ?»

«በግንባሩ ተደፍቷል። ሮቦቱ አጠገቡ ይንሳፈፋል።»

«ይንሳፈፋል? ሥር አልነበረም?»

«ከላይ ነው ያየሁት።» ሩቲ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዐያንሌ ጠዋት ጠዋት ሮቦቱን ሲያስገባ ከመስኮት አየው ነበር። እሱ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ለናስትሆ እንጂ ለማን ዓይን ነበረው?»

ናስትሆ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሻርፗን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። «ማታ አብረን ሻይ ጠጥተን ወደ ቤቴ ሄድኩ» አለች። «ሮቦቱን ጠዋት አብረን ልናስገባው ነበር። በምሽት ለምን እንዳስገባው አልገባኝም።»

ቀትር ላይ ዐብዲሓኪም መኪናውን ግቢ ውስጥ አቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ አዲስ ሮቦት ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

«አላህ ይዘንለት» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ብያት ነበር። ቀይ ቴፕ የተጠቀለለበት ገመድ ውሃ ውስጥ ይከተታል? ዋላል፣ ወንድሜ፣ ሰው ፈጀህ እኮ» ብሎ ወደ ማሃድ ዞረ። ማሃድ ከነሕይወቱ መሬት ብትውጠው በወደደ።

«ከየት መጡ?» አለች ወለተሐና።

«ከቶጎጫሌ፣ አሁን መድረሴ ነው። እዚህ ሆቴል ከመጣሁ ወር አልፎኛል።»

ወለተሐና አራቱንም ገንዳው ዳር ሰበሰበቻቸውና ሸራውን ገለጠችው። «እያንዳንዳችሁ ይሄን ሮቦት ውሃ ውስጥ አስገቡልኝ» አለች።

ናስትሆ ሮቦቱን ውሃ ውስጥ ደፍቃ ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው። አየሩ እየተንቦቀቦቀ ወጣ፣ ሮቦቱም ሰመጠ። በገመዱ ጎትተው አውጥተው የገባበትን ውሃ አፈሰሱት። ሩቲም እንዲያው አደረገች፤ ማሃድም እንዲሁ። ዐብዲሓኪም ብድግ አደረገና ውሃው ላይ አስቀመጠው። ሮቦቱ እዚያው ተንሳፈፈ። ሩቲ አፏን በእጇ ከደነች።

«ዐያንሌን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች ወለተሐና። «ሐኪሞቹ እንዳረጋገጡልኝ፣ ከጆሮው ጀርባ ተመትቶ ነው ውሃ ውስጥ የተጣለው። ሮቦቱን የከተተው መቺው ነው፤ ጥፋቱ ጥገናው ላይ እንዲወድቅ ፈልጎ። ግን አየሩ ካልወጣ እንደማይሰምጥ አላወቀም። ናስትሆ ከዐያንሌ ጋር ታስገባው ነበር። ሩቲ በየጠዋቱ ከመስኮት አይታዋለች። ማሃድ ፈትቶ ገጥሞታል። እርስዎ ግን የሚያውቁት በካርቶን ብቻ ነው።»

ዐብዲሓኪም ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን አይበቃም። ቀዩን ቴፕ የት አዩት? ማሃድ ሮቦቱን የመለሰው ትናንት አመሻሽ ነው። ዛሬ እርስዎ ሲመጡ ደግሞ ከነገመዱ በሸራ ተጠቅልሎ ነበር። ወር ሙሉ እዚህ ያልመጣ ሰው ቴፑን ከየት አወቀው?»

ዐብዲሓኪም ወደ ናስትሆ ዞረ። «ትናንት ማታ ልለምንሽ ነበር የመጣሁት። አብራችሁ ሻይ ስትጠጡ አየሁ። እኔ ስናገር እንደዚያ ስቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ አዲስ ላመጣልሽ፣ አንቺ የሱን አሮጌ አስጠገንሽ።» ከዚህ በኋላ ያለውን የተናገረው ለፖሊሶቹ ነው።

ሲወስዱት ናስትሆ ካርቶኑንም ከግቢዋ እንዲያወጡ አዘዘች። ማሃድ አየሩን አስወጥቶ ሮቦቱን ወደ ውሃው መለሰና ሳጥኑን አበራ። ሮቦቱ የሌሊቱን አቧራ እየመጠጠ መሳብ ጀመረ።

ናስትሆ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ይጠገናል ብሎኝ ነበር» አለች። «እጅህ ይባረክ።»

ያቺ የጓጓላት ቃል መጣች። ናስትሆ ግን ቃሏን ስትናገር ዓይኗ ከውሃው ላይ አልተነቀለም፤ እንባዋም ይወርድ ነበር። ማሃድ አፈረ። በሞተው ሰው አሁንም ቀንቶበታል።