የዕንባቆም አውራ ጣት

ዕንባቆም ቅዳሜ ጠዋት የተገኘው ከሙዱላ ቁልቁል ወደ ኦሞ በሚወርደው ገደል ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ሞቷል። በቀኝ እጁ ቢጫ የሳተላይት ስልክ ጨብጧል። ጣቶቹ ደርቀው አልላቀቅ ስላሉ ሁለት ፖሊሶች ታገሏቸው። ታዲያ በስልኩ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ስም የሟቹ አልነበረም፤ «ፈትሁዲን» ይላል። የዕንባቆም የራሱ ስልክ፣ ያ ድንጋይ አይሰብረውም የተባለለት፣ ከወገቡ ሥር ደቅቆ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ይህን አይታ ብዙ አላሰበችም። ፈትሁዲን የእነ ዕንባቆም ሹፌር ነው። ሐሙስ ዕለት ሙዱላ መናኸሪያ ላይ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ አገር ሰምቷል። «ሲገፋው ስልኩን ነጥቆት ወደቀ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?» አለች በልቧ። ቅዳሜውኑ ገበያው ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ሰውየውን በካቴና አስራ በፒካፕ ጭና ወደ ሆሳዕና ይዛው መጣች። ሚስቱ ሰሊማ ሻሿ ወድቆ ከመኪናው ኋላ ስትሮጥ ጣቢታ መስኮቱን እንኳ ዝቅ አላደረገችም።

ሰኞ ጠዋት ግን ነገሩን መልሳ ታስበው ጀመር። ሰውየው ነገ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ እስካሁን ግን ክዶም አምኖም አያውቅም። ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገባች።

«አርብ የት ነበርክ?»

«አልናገርም።»

«ገደሉ ጋ ነበርክ?»

«እሱንም አልናገርም፤ ኢንስፔክተር። ቃል ገብቻለሁ። ሆድ ይፍጀው።»

«አንገትህ ገመድ ውስጥ እየገባ? ለማን ነው ቃል የገባኸው? ለሟች ነው ወይስ ላሉት?»

ፈትሁዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለሁለቱም» አለ።

ይህች መልስ ጣቢታን ከመቀመጫዋ አስነሳቻት። ገዳይ ለገደለው ሰው ቃል ይጠብቃል እንዴ?

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ዕንባቆም ይሠራበት ወደነበረው ድርጅት የሆሳዕና ቢሮ ነው። ድርጅቱ የገንዲን በሽታ ያጠናል፤ ከብት የምትጨርሰውን ዝንብ በወጥመድ ይይዛል። ሸለቆው ውስጥ የእጅ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ቆላ ለሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ የሳተላይት ስልክ ይሰጠዋል። ሰውየው ሲራመድ ቢሮ ባለው ስክሪን ላይ ነጥብ ሆኖ ይራመዳል። አደጋ ከደረሰበት ማሸጊያውን በጥሶ ቀይዋን ቁልፍ ይጫናል፤ ጥሪው ደግሞ በአስተባባሪው የእጅ ስልክ ላይ ይጮኻል።

አስተባባሪው ማቴዎስ ጢሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል። አጠገቡ የእንስሳት ሐኪሟ ሊዲያ አለች። ወጥመድ ተካዩ እንድርያስ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ ያለ ይመስላል።

«ይኸው አርብ ጠዋት» አለ ማቴዎስ በስክሪኑ ላይ እያሳየ። «እኔ እዚሁ ቢሮ ነበርኩ። ዕንባቆም፣ ሊዲያ፣ እንድርያስና ፈትሁዲን አራቱም ሸለቆ ውስጥ ናቸው።»

ጣቢታ ጠጋ ብላ አየች። አራቱ ነጥቦች በአንድ መንገድ ይወርዳሉ፣ አንድ ቦታ ያርፋሉ፣ እንደገና እኩል ይነሳሉ።

«ምን ያህል ብትዋደዱ ነው!» አለች። «አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሁሉም ይጠጣል። እንዲህ ተጣብቃችሁ ከዋላችሁ ሲወድቅ አይታችኋል ማለት ነው?»

«ትንሽ… ትንሽ ተለያይተን ነበር» አለ እንድርያስ።

«ከቀትር በኋላስ ነጥቦቹ የት ገቡ?»

«ሸለቆው ሲጠልቅ ሳተላይቱ ይጠፋል» አለና ማቴዎስ ስክሪኑን ቶሎ አጠፋው።

«የድረሱልኝ ጥሪስ?»

«አንድም አልደረሰም።»

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። «ማቴዎስ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የአጎትህን መርዶ ዛሬ ገና ሰማሁ» ብለው እጁን ጨብጠው ወጡ።

«አዝናለሁ፤ መቼ ተቀበሩ?» አለች ጣቢታ።

«አርብ። አንጋጫ።»

«እርስዎ ግን እዚህ ቢሮ ነበሩ።»

«ምን ላድርግ? ድርጅቱ ለአባትና ለእናት እንጂ ለአጎት ፈቃድ አይሰጥም። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አጎት የቅርብ ዘመድ አይደለም ይላሉ።»

ጣቢታ ልትመልስለት ስትል ስልክ ጮኸ። የጮኸው ከሊዲያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሊዲያ አውጥታ ለማቴዎስ አቀበለችው። «ሁሌ ይጥለዋል፤ እኔ ነኝ የምይዝለት» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች። ጣቢታ ተሰናብታ ወጣች።

ኧረ ለመሆኑ፣ በዚህ አገር የአጎቱን ቀብር ቀርቶ ቢሮ የሚውል ሰው ማን አይቷል? ጎረቤት ሲሞት እንኳ ሱቅ ይዘጋል። ከአጎቱ ቀብር የቀረ ሰው ነገ የራሱን ሬሳ የሚያነሳለት አያገኝም። ስክሪኑ የፈለገውን ይበል እንጂ ጣቢታ ይህን ልታምን አልቻለችም፤ መኪናዋን አስነስታ ወደ አንጋጫ ነዳች።

የለቅሶው ድንኳን እስካሁን አልፈረሰም። የማቴዎስ አጎት ሚስት ጣቢታን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እማማ፣ ማቴዎስ ለቀብሩ ሳይመጣ ቀረ አሉ?»

«ማነው እንዲህ ያለው? ምነው ልጄን ስሙን ታጠፊዋለሽ! አስከሬኑን የተሸከመው እሱ አይደለም? ባልደረቦቹም መጥተውለታል፤ ያቺ ዶክተሯ፣ ያ ቀጭኑ ልጅ። ሹፌሩም ጁምዓውን እዚሁ መስጊድ ሰግዶ መጥቶ ሲያስተዛዝነን ዋለ። ጌታ ይባርካቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ አሳፈረን። ፓስተሩ ሲጸልዩ የሆነ ስልክ እንደ አምቡላንስ ጮኸ!»

«ከየት በኩል?»

«ከዚህ፣ ከእኛ ከሴቶቹ ወገን። ወንዶቹማ በዚያ በኩል ነበሩ።»

ጣቢታ በመመለሻዋ መንገድ ላይ መኪናውን ዳር ይዛ አቆመች። ፊቷ ይቃጠል ነበር። በሰው ፊት ያዋረደችው ሰው እዚህ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛ ሲያጽናና የዋለ ነው። የሰሊማ ሻሽ ገበያው መሐል አፈር ላይ ወድቆ ታያት። «ወይኔ ጣቢታ!» አለች ጮክ ብላ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድርጅቱ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ፈትሁዲን በካቴና እንደታሰረ ከአንድ ፖሊስ ጋር ገባ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«የሳተላይት ስልኮቻችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ» አለች። ሊዲያና እንድርያስ አስቀመጡ። እሷም ከሟች እጅ የተላቀቀውን አጠገባቸው አኖረች። «ዶክተር ሊዲያ፣ ቀይዋን ቁልፍ ተጭነሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ።»

«አንተስ እንድርያስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የሦስቱም ማሸጊያ ለምን ተበጠሰ? በየስንጥቁ የገባው ቀይ አፈርስ ከገደሉ ሥር ካልሆነ ከየት መጣ? አቶ ማቴዎስ፣ ስክሪኑን ያብሩልኝ። አርብ ማታን።»

ማቴዎስ አበራው። አራቱ ነጥቦች ገደሉ ሥር ተደራርበው ቆመዋል፤ የተሰበረው የዕንባቆም ስልክም የመጨረሻ ቦታውን እንዳሳየ ቀርቷል። እስኪነጋ ንቅንቅ አላሉም።

«ሊዲያና እንድርያስ ሬሳ አጠገብ አድረዋል ይላል ይሄ» አለች ጣቢታ። «እኔ ደግሞ አንጋጫ ለቅሶ እንደ ነበራችሁ ሐዘንተኞቹ ነግረውኛል። ፈቃድ ተከለከላችሁ፤ ይሉኝታው ደግሞ አላስቀምጣችሁ አለ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ሥራ ላይ ያላችሁ እንድትመስሉ አንድ ሰው አራት ስልክ ተሸክሞ ወረደ። ማንም አልገፋውም፤ እዚያ ሸለቆ የወረደው ዕንባቆም ብቻ ነው።»

«ራሱ ነው ያለው!» አለ እንድርያስ እንባው እየወረደ። «እናንተ ቅበሩ፣ እኔ ሁላችሁንም ተሸክሜ እውላለሁ አለ።»

ፈትሁዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እኔ ሐሙስ የተጣላሁት ለዚህ ነው። ብቻህን ገደል አትውረድ፣ ስልኬን አልሰጥህም አልኩት። ሳቀብኝና ነጠቀኝ። በኋላ ዕንባቆምም ባለበት ለማንም እንዳንተነፍስ ሁላችንም ቃል ተገባባን።»

«ነጥቋል ብዬ እኔም ገምቼ ነበር፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው ብዬ ግን ተሳሳትኩ» አለች ጣቢታ። «ነጥቆ የወደቀ ሰው በጣቶቹ ሁሉ ይጨብጣል። የዕንባቆም አውራ ጣት ግን ቀይዋ ቁልፍ ላይ ነበር። ቅዳሜ አይቼዋለሁ፤ አየሁት እንጂ አላስተዋልኩትም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ሲደማ ውሎ ማታ ነው የሞተው ብሎኛል። የራሱ ስልክ ስለተሰበረ የሊዲያን ተጫነ። ዝም ሲባል የእንድርያስን። በመጨረሻ የፈትሁዲንን። አቶ ማቴዎስ፣ አንድም ጥሪ አልደረሰም ብለውኛል። እርስዎ አስከሬን ተሸክመው ከወንዶቹ ወገን ነበሩ። ስልክዎ ግን ከሴቶቹ ወገን ጮኸ።»

ሊዲያ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

«ስሜን አየሁ» አለች። «"ሊዲያ አደጋ ላይ ናት" ይላል። እኔ ንፍሮ ይዤ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ፓስተሩ አቋረጡ። አፈርኩ። "እርዳታ ይላክ ወይስ ደህና?" ሲለኝ "ደህና" የሚለውን ተጫንኩና ስልኩን አጠፋሁት።»

«በስህተት የነካው መስሎሽ?»

ሊዲያ እጇን ከፊቷ አወረደች። «እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው» አለች። «እርዳታ ከሄደ አንድ ሰው አራት ስልክ ይዞ ይገኛል፤ ጉዳችን ይወጣል ብዬ ፈራሁ።»

«ማታ ስልኩን ስከፍት የቀሩት ሁለት ጥሪዎች ገቡ» አለ ማቴዎስ ሳይጠየቅ። «መሽቷል፣ ጠዋት እሄዳለሁ አልኩ።»

«ሙዱላ ከተማ ስልክ ይሠራል። አንድ ሰው ጋ ቢደውሉ አገሩ በችቦ ይወርድለት ነበር። እርስዎ ግን ጎህ ሲቀድ ብቻዎን ሄደው ከሬሳው ላይ ሁለት ስልክ ለቀሙ። ሦስተኛውን እጁ አልለቅ አለዎት። በእሱ ሰበብ ንጹሕ ሰው ሲታሰር ደግሞ ዝም አሉ።»

ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። እሱና ሊዲያ ተይዘው ሲወጡ ሊዲያ በሩ ላይ ቆም አለች። «ለቅሶው… ለቅሶው መሄድ አልችልም?» አለች። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ጣቢታ የፈትሁዲንን ካቴና በገዛ እጇ ፈታች። «ይቅር በለኝ» አለችው።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ ያሰርሽኝ?» አላት እጁን እያሻሸ።

እውነቱን ነው። ጣቢታ ወዲያው በዚያችው ፒካፕ ከፊት አጠገቧ አስቀምጣው ሙዱላ ገባች። ከመናኸሪያው ጀምሮ በእግራቸው ጎን ለጎን ሄዱ። የሚያዩት ሁሉ ቆሙ፤ ላገኘችው ሁሉ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህ ሰው ንጹሕ ነው» ትላለች፤ አንዳንዱ ሳቀባት። ሰሊማ ከቤቷ ወጥታ ባሏን አቀፈች። ጣቢታን ግን ዞራ አላየቻትም።

ከዚያ ዕንባቆም ቤት ደረሱ። ፈትሁዲን ቀብሩ ስላመለጠው ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ እንደ አዲስ አለቀሰ። ጣቢታ ከሴቶቹ ወገን ከሟች ሚስት ከብርቅዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ወዲያው ነው የሞተው አሉኝ» አለች ብርቅዬ የጣቢታን ክንድ ይዛ። «አልተሠቃየም፣ ማንንም ሳይጠራ አረፈ አሉኝ። እውነት ነው?»

አዎ ብትላት የሴትዮዋ ልብ ያርፍ ነበር። ጣቢታ ግን በዚህ ነገር በቂ ውሸት ሰምታለች።

«ጠርቷል፣ እህቴ።»

«ማንን?»

«የሥራ ጓደኞቹን። አንድ በአንድ፣ በየስማቸው።»

ብርቅዬ ክንዷን ለቀቀቻት። «ታዲያ የት ነበሩ?»

ጣቢታ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

«ለቅሶ ላይ» አለች።