አቡነ ሊምፒዲዮስ የሳቱት ቃል

ጌታ ከተወለደ አምስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጎል አገር፣ በሎዋር ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ ከዕርገት በዓል በፊት በሚውለው የምህላ ሰሞን፣ ሕዝቡ ራሱ ላይ አመድ ነስንሶ አደባባዩን ሞልቶት ነበር፤ ያን ጊዜ ሸማኔዋ መበለት ፓተርና እየሮጠች ቤተ ክርስቲያን ገብታ የመሠዊያውን ልብስ ጨበጠች። የፍራንኮች ወገን የሆነው ገዥ ራግናሪክ ለጭፍራ አለቃው በግድ ሊድራት ነበር፤ ወታደሮቹን አስከትሎ ደረሰ።

ጳጳሱ አቡነ ሊምፒዲዮስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ከሮማ መኳንንት ዘር የተወለዱ፣ ላቲንን በመምህር በትር የተማሩ፣ ሰዋስው ከሚሳሳቱ ይልቅ ጣታቸው ቢቆረጥ የሚመርጡ ሊቅ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተማፀነን ሰው ስለ መድፈር በሊቃውንት ላቲን መናገር ጀመሩ፤ ንግግሩም እንደ ወይን ሐረግ እየተጠመዘዘ ረዘመ።

ራግናሪክ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ፣ «ይኼ ሰውዬ እስኪጨርስ ሴትዮዋ ታረጃለች» አለ፤ ወታደሮቹም ሳቁ።

ሊቀ ዲያቆኑ ኡርሲኖስ ቀረብ ብሎ፣ «አባታችን፣ ሕዝቡ አንዲት ቃል አልገባውም። ሰዉ በሚግባባበት በገበያው አፍ ይናገሩ!» አለ።

«እኔ? በገበያው አፍ?»

«ሊወስዷት እኮ ነው!»

አቡነ ሊምፒዲዮስ የገበያውን አፍ የሚያውቁት አሽከር ሲያዝዙበት ብቻ ነበር፤ ለብዙ ሰው ተናግረውበት አያውቁም። ወደ አደባባዩ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ አሽከር እንደሚጠሩ ሁሉ፣ «ና! በሩ ላይ ቁም!» ብለው ጮኹ። በዚያ አፍ ይህ ጥሪ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው እንጂ ለብዙ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ዓሣ ሻጯ አልቢና ቅርጫቷን ጥላ፣ «መጣሁ አባቴ!» አለች። ቆዳ ፋቂው ተከተላት፤ ሸክላ ሠሪው፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ እያንዳንዱ እሱ ብቻ የተጠራ መስሎት ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አመድ በተነሰነሰባቸው ራሶች ተሸፈነ።

ራግናሪክ ሰይፉን ጨበጠ፤ ግን አልመዘዘም። «አንዲት ሴት ብፈልግ ከተማው በሙሉ መጣልኝ» ብሎ ፈረሱን መለሰ።

ጳጳሱ ፊታቸው ቀልቶ፣ «ኡርሲኖስ፣ ተሳሳትሁ፤ ‹ኑ› ማለት ነበረብኝ» አሉ።

አልቢና ሰምታ፣ «‹ኑ› ቢሉማ ሌላው ይሄዳል ብዬ ዓሣዬን እሸጥ ነበር!» አለች።

አቡነ ሊምፒዲዮስ በሕዝቡ መካከል ተንበረከኩ።

ጳጳሱ የጻፏቸውን ድርሰቶች መነኮሳት ስለ ቋንቋቸው ውበት ለዘመናት ገለበጧቸው። የዚያን ዓመት ዜና መዋዕል የጻፈው ሰው ግን ጅራታም ኮከብ መታየቱን ብቻ መዘገበ፤ በደረጃው ላይ ስለ ቆመው ሕዝብ ምንም አላለም። ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር።