ሰባቱ ዓምዶች የታወሩበት ማለዳ

ተራሮቿ ሰማይን በትከሻቸው በተሸከሙላት፣ ንስሮቿ ሦስት ቀን ሳያርፉ በሚበሩባት በታላቋ የሰንደራ መንግሥት፣ ሰባቱ ነጋሪ ዓምዶች በአንድ ማለዳ ታወሩ። ወፍ አልጮኸም። አውራ ዶሮዎች እንኳ ተራቸውን ረሱ።

የዓምዶቹን ግዝፈት ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ይነገራል። እያንዳንዳቸው የመቶ ሰው ቁመት ነበራቸው። መቶ ሃያ የሚሉም አሉ፤ ትክክሎቹም እነሱ ናቸው። በየከተማው ገበያ መሐል ቆመው፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በድንጋይ ግንባራቸው ላይ አንድ ቁጥር በእሳት ቀለም ይጽፋሉ፦ በተራራው ላይ ያለው የአንገሬ ሐይቅ ዛሬ ስንት ክንድ እንደሞላ። ሐይቁን የያዘው ግንብ ስድሳ ክንድ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ይደረመሳል፤ ከሥሩ ያለችው ወርካምባ ከነሕዝቧ ትጠፋለች። ቁጥሩንም ሆነ ሌላ ያየውን ለዓምዶቹ የሚልከው በሐይቁ ዳር በዓለት ጎድጓዳ የተቀመጠ፣ የበሬ ራስ የሚያህል ብርሃናማ ድንጋይ ነበር። የአንገሬ ዓይን ይሉታል።

ዓምዶቹ በታወሩ ዕለት የንጉሡ አዛዥ ጎንጥ ወርካምባ ገበያ ሰገነት ላይ ወጣ።

«ዓምዶቹ ደክመው አርፈዋል። ከእንግዲህ ቁጥሩን እኛ እንነግራችኋለን። ዛሬ አርባ ክንድ ነው!»

በሰንደራ ሥርዓት፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ሰምተናል» ካላለ አዋጅ አይጸናም። ሕዝቡ ደግሞ ጨዋ ነው፤ «ሰምተናል» አለ። በማግስቱም አርባ፤ ሰምተናል። ሰባ ቀን ሙሉ ዝናቡ ዝሆን የሚያንበረክክ ሆኖ ሲወርድ፣ አሁንም አርባ፤ ሰምተናል።

በሰባ አንደኛው ቀን ሔራኒ የምትባል የሃያ ዓመት የሸማኔ ልጅ እጇን አነሣች።

«እኔ ሰምቻለሁ ጌታዬ፤ ግን አላየሁም።»

እናቷ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

«ማነሽ አንቺ?» አለ አዛዡ።

«ከግንቡ ሥር የምተኛ ነኝ። እናቴና ሦስት እኅቶቼም እዚያው ናቸው። ሰባ ቀን የዘነበበት ሐይቅ እንዴት አንዲት ጣት አይጨምርም?»

«መልሱ ነገ ይሰጥሻል።»

«ነገማ ውኃው ራሱ ይመልስልናል!»

ያን ዕለት በእናቷ ድርና ማግ ማለች፦ «ቁጥሩን አይቼ ለሕዝቤ ሳላሳይ አንዲት ክር አልነካም!» አብሯት የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ጉርዛም፣ የወርካምባን ዓምድ አርባ ዓመት የወለወለ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ። ትከሻው ላይ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ጠምጥሟል።

«ጋሼ፣ መንገዱ ክፉ ነው ይላሉ።»

«እኔስ ደግ ነኝ? ቅደሚ ባክሽ።»

ዘጠኝ ገደል ወጡ። በሦስተኛው ላይ ክንፋም ጅብ ገጠማቸውና ጉርዛም ሳቀበት፤ ጅቡ ዕድሜ ልኩን የሳቀው ሁሉ ሳቅ እንዳልነበር ገብቶት አፍሮ ተመለሰ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የዓይኑ ጎድጓዳ ባዶ ነበር። ጉርዛም ገመዱን በድንጋይ አስሮ ወረወረ፤ ሔራኒ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሃምሳ ስምንት። ቀና ስትል ደግሞ የግንቡ አናት እንደ አሮጊት ድድ ባዶ ባዶውን አገጠጠባት። አርባ ሁለት ጥርብ ድንጋይ ተነቅሏል።

«ቀይ ነው?» አለ ጉርዛም የቀረውን ድንጋይ በመዳፉ እየዳሰሰ። «አውቀዋለሁ። የአዛዡ አዲሱ አዳራሽ የታነጸው በዚህ ነው።»

«ለካ አዛዡ ዓይኑን የሸሸገው ይኼን እንዳያይበት ነው!» አለች ሔራኒ።

ከጎድጓዳው በስተኋላ ዋሻ ነበረ። በዋሻው ውስጥ ጭጋጎ የተባለው የጉም ዘንዶ፣ ከወርካምባ ገበያ የሚረዝመው፣ በዓይኑ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«የአንገሬን ዓይን ለምን ያዝከው?» አለች ሔራኒ።

ዘንዶው አፉን ከፍቶ ጥያቄዋን ዋጠ፤ በአንድ ጊዜም ወፈረ። «ጌታው ሸንጎ ላይ ናቸው። ነገ ተመለሱ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ዋጠ። ወፈረ። ጣሪያው ተሰነጠቀ። «ጉዳያችሁ ወደ ሌላ ዋሻ ተመርቷል።»

«ተይ ልጄ፣ አትቀልቢው!» ብሎ ጮኸ ጉርዛም። «የሚበላው ጥያቄ ነው! የለካሽውን ንገሪው!»

ሔራኒ ገመዱን ከፍ አድርጋ ቆመች።

«ሐይቁ ሃምሳ ስምንት ክንድ ሞልቷል። ቋጠሮው ይኸው።»

የዘንዶው አንገት ተተረተረ።

«ከግንቡ አርባ ሁለት ድንጋይ ጎድሏል። ቆጥሬዋለሁ። ድንጋዩ ያለው በአዛዥ ጎንጥ አዳራሽ ነው!»

ሆዱ ተቀደደና ሕዝቡ ለዓመታት ጠይቆ መልስ ያጣበት ነገር ሁሉ እንደ አንበጣ መንጋ ወጥቶ በረረ። ጭጋጎ «ማኅተም... ማኅተም የለውም...» እያለ ተነነ።

ዓይኑን ተሸክመው ወደ ጎድጓዳው ሲመለሱ፣ በዓለቱ ከንፈር ላይ የተቀረጸውን ለጉርዛም አነበበችለት፦ «ዓይኔን የመለሰ፣ ዓይኑን ይተው።»

ጉርዛም ነጥቋት አስቀመጠው። ድንጋዩ አልበራም። «የኔን ግማሽ ዓይን ናቀው» አለ። «ነይ እንውረድ። በአፍ እንነግራቸዋለን።»

«በአፍማ አዛዡም ነግሯቸዋል ጋሼ። ማየት አለባቸው።»

ወደ ወርካምባ ተመለከተች። የሰንደራ ሰው ዓይን ሩቅ ያያል፤ የእናቷን ደጃፍ ለየችው።

«እናቴ የቀለመችውን ፈትል አስጥታለች። አረንጓዴ ነው። ስረሳው ያስታውሱኝ ጋሼ።»

ዓይኑን አንሥታ በሁለት እጇ ዳግም አስቀመጠችው፤ ድንጋዩ በራ፣ አረንጓዴውም ጠፋባት።

በዚያች ቅጽበት አዛዡ ሰገነቱ ላይ «ዛሬም አር—» እያለ ነበር። ከጀርባው ዓምዱ ነደደ። ሃምሳ ዘጠኝ፤ አንድ ክንድ ጨምሯል! ከሥሩም ድንጋዩ የተነቀለው ግንብ ከነክፍተቱ ታየ። ሕዝቡ «ሰምተናል» አላለም። የሔራኒ እናት ቀድማ «አየን!» ብላ ጮኸች፤ «አየን! አየን!» እያለ ሁሉም በሽተኛውን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ግንቡ ፈነዳ። ወርካምባ ተጠርጋ ሄደች። ከነዋሪዋ ግን አንድ ሰው፣ አንዲት ድመት እንኳ አልጎደለችም።

ውኃው ሲጎድል ሕዝቡ ወደ አዛዡ አዳራሽ ዘመተ። ግንቡ እንደገና ሊሠራ ነውና ቀዩን ድንጋይ እየነቀሉ መሸከም ያዙ። ሔራኒም አንዱን በጫንቃዋ አድርጋ፣ ጉርዛም ክንዷን ይዞ እየመራት ወደ ደጁ መጣች። አዛዥ ጎንጥ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ይህ የመንግሥት ምስጢር ነው! ማን ፈቀደልሽ?»

«ድንጋይ ነው ጌታዬ፤ ደግሞ ይከብዳል» አለች ሔራኒ፣ እርምጃዋን ሳታቋርጥ። «ከመንገዴ ዞር ይበሉ። እኔ ሰው አላይም።»

አዛዡ ዞር አለ።